በሦስተኛው ረድፍ ስለተቀመጠችው ሴት

ለክቡር አቶ ጧሂር
በአቡ ዳቢ የብሬንሆልም መኪና ወኪል የደንበኞች እርካታ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በማስታወቂያዎ ላይ የሰፈረው የተሳፋሪዎች ቁጥር እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ወገብዎስ? ወገብዎን ለይቼ የጠየቅሁት ባለፈው ቢሮዎ ስመጣ ከወንበርዎ ሳይነሡ ስለተቀበሉኝ ነው፤ እንደ እርስዎ ያለ የተማረ ያገሬ ሰው ሕመም ካልያዘው በቀር እንዲህ አያደርግም ብዬ አሰብሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የግራ እጄ ብቻ ከትከሻዬ በላይ አይነሣም።

ስሜ የሺሐረግ ይባላል። ወልድያ ሳለሁ አራት ዓመት በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ስተይብ ስለኖርሁ፣ አንድ አቤቱታ በአክብሮት ተጽፎና ቁጥር ተሰጥቶት ከቀረበ በኋላ እንዴት ባለ ጸጥታ እንደሚረሳ አውቃለሁ። ይህንንም ደብዳቤ በግልጽ ለሕዝብ የማወጣው ለዚሁ ነው። ያለፉትን ስድስት ዓመታት ያሳለፍሁት አል ዐይን ውስጥ በአንድ ቤት ልጆች በማሳደግ ነው፦ የዘጠኝ ዓመቷን ዘሂራንና ገና ዓመት ያልሞላትን ታናሽ እህቷን። እናታቸውን ማዳም፣ አባታቸውን ደግሞ እንደ ልጆቹ ባባ እላቸው ነበር።

አንደኛ፣ ለመኪናችሁ ታሪክ ምስጋና አቀርባለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ባባ ብሬንሆልምን ከሌላው ሁሉ መርጦ ሲገዛ አብሮት የመጣውን ወፍራም ብሮሸር፣ ዘሂራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየተቀመጥን ያነበብሁላት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው መሐንዲስ እህት በበረዶ መንገድ ላይ ከኋላ ወንበር ተወርውራ መሞቷን፣ እሱም ከቀብሯ መልስ «እኔ በሠራሁት መኪና የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይቆጠራል» ብሎ መማሉን፣ ሌሎች ለሾፌሩ እንኳ ቀበቶ ቅንጦት ነው ሲሉ እሱ ለኋላ ወንበር ማድረጉን በሚገባ አውቃለሁ። ግጭት የሚሞከርባቸው አሻንጉሊቶችም ተደርድረው ፎቶ ተነሥተዋል፤ ወንድ አለ፣ ሴት አለች፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ ልጆች አሉ። ዘሂራ አየቻቸውና «የሺ፣ አንቺ የትኛዋ ነሽ?» አለችኝ። ፈልጌ ፈልጌ ባጣ፣ ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ አልኋት።

መኪናውን ላማው አልተነሣሁም። ደግ መኪና ነበር። አንድ ጊዜ አደባባይ ላይ ለአንዲት እርግብ ብሎ በራሱ ፍሬን ይዞልናል። ዘሂራ ቀበቶዋን እስክታስር ድረስ ፒፕ ፒፕ ማለቱን አያቆምም ነበር። እኔ የምቀመጠው በሦስተኛው ረድፍ ከሕፃኗ ጋሪ ጎን ነው፤ ጡጦ ላቀብላት ቀበቶዬን በፈታሁ ቁጥር ለእኔም ይጮኽልኝ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ቀበቶሽን እሰሪ ያለኝ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ጩኸቱን ሌሎች እንደሚጠሉት አልጠላሁትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ስጦታዎ አመሰግናለሁ። ማዳም ራስ ምታት አለባት፤ ሲነሣባት ብርሃንም ድምፅም አትችልም። መኪናውን ለሰርቪስ ወደ አቡ ዳቢ ይዘን በመጣንበት ቀን ይህን ጩኸት አጥፉልኝ ብላ ስትለምንዎ እኔም ሕፃኗን አቅፌ ከጎኗ ቆሜ ነበር። እርስዎ ፈገግ ብለው መሳቢያዎን ከፈቱና የኩባንያው ዓርማ ከታተመበት ትንሽ ከረጢት ውስጥ አንድ የቀበቶ ምላስ አወጡ፤ ቀበቶ የሌለው፣ ብረቱ ብቻ። «ኸላስ ማዳም፣ ይኼ ቀላል ነው» አሉና መኪናው ድረስ ወርደው በገዛ እጅዎ በእኔ ወንበር መቆለፊያ ውስጥ ቀረቀሩት፤ ከረጢቱንም ለማዳም ሰጧት። መኪናውም ጸጥ አለ።

እኔም በአማርኛ፣ «ታዲያ የኔን የት ላስረው?» አልሁዎ።

«አንቺ ከኋላ ነሽ እህቴ፣ ምን ትሆኛለሽ!» አሉኝ።

እህቴ ስላሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ብረቱን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ነቅዬው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ መኪናው ስለ እኔ ጮኸ፣ ማዳም ግንባሯን ያዘች፣ እኔም መልሼ ሰካሁት። በዚህ በኩል ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ሥራዬን እወደው ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ አደጋው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ፣ ስዌይሃን ካለው የማዳም ወንድም እርሻ ወደ አቡ ዳቢ ስንጓዝ ከተቀደደ አጥር አንድ ግመል ብቅ አለ። ማዳም ትነዳለች፣ ባባ ከጎኗ ነው፣ ልጆቹ መካከለኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ሕፃኗ ጡጦዋን ጥላ ስላለቀሰች እኔ ወደፊት ጎንበስ ብዬ ነበር። መኪናችሁ ሥራውን መሥራቱን ልመሰክርለት ይገባል፤ ማዳም ፍሬኑን ከመርገጧ በፊት እሱ ያዘ፣ ቀበቶዎቹን አጠበቀ፣ ኤርባጎቹን ነፋ፣ ግመሉን ስቶ የመንገዱን ዳር ብረት መትቶ ቆመ። ግመሉ አንገቱን አዙሮ አየንና መንገዱን ቀጠለ። አራት ሰዎች በአራት ቀበቶ ተይዘው ባሉበት ቀሩ። እኔ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥቼ፣ ክንዴና ትከሻዬ ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ ተሰብረው፣ በሁለቱ ልጆች መካከል ወደቅሁ። ዘሂራ ቀኝ እጄን ይዛ «የሺ ተነሺ፣ የሺ ተነሺ» ስትል እሰማታለሁ። አፌ አልታዘዝ አለኝ እንጂ እሺ ልላት ፈልጌ ነበር።

ከኋላችን ይከተለን የነበረው የማዳም ወንድም አምቡላንስ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ በፒካፑ ጭኖ ሆስፒታል አደረሰኝ። ምን ሆና ነው ሲሉት «ወደቀች» አላቸው። ውሸት አይባልም፤ ወድቄአለሁ። ፖሊስ ሲደርስ ታዲያ በቦታው የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው። ስንት ነበራችሁ ብለው ሲጠይቁት ባባ ዙሪያውን አይቶ «አራት» አለ። ቀበቶ ስላላሰረ ተሳፋሪ የሚጠየቀው ሾፌሩ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ክንዴ ውስጥ ብረት ገብቶልኝ ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ስወጣ በሆስፒታሉ ወረቀት ላይ የሰፈረው «መውደቅ» የሚል ቃል ነው፤ በፖሊሱ ወረቀት ላይ ደግሞ ጭራሽ የለሁም። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው ብዬ ኢንሹራንስ ብጠይቅ፣ የትኛው አደጋ ነው ብለው መለሱልኝ። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በዚያው ቆመ።

ሕፃን ማንሣት የማትችል ሞግዚት ቤት ውስጥ ስለማታስፈልግ፣ አል ሪም ደሴት አንድ ሕንፃ ላይ እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ያገሬ ልጅ ሔርሜላ ክፍሏን አካፈለችኝ። የእርስዎን ማስታወቂያ ያየሁትም በእሷ ስልክ ነው። በሕንፃው መግቢያ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ሲታይ ቀርጻ አመጣችልኝ፤ ማዳም፣ ባባ፣ ዘሂራና ሕፃኗ አበባ ይዘው ከአዲስ መኪና ፊት ቆመዋል። ጽሑፉ «አራት ተሳፋሪዎች፣ አንድም ጭረት የለም። ብሬንሆልም ሁሉንም ይቆጥራል» ይላል።

«የሺ፣ እነዚህ ያንቺ ሰዎች አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

«ናቸው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እዚህ ካንቺ ጋር ነኝ» አልኋት።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ቁጥር መስጠቱ ደክሞኛልና እንዲያው እንደሆነው ልንገርዎ። በሳምንቱ ዘሂራ ደወለችልኝ። ለካ በማሳያ አዳራሽዎ በተደረገው ዝግጅት ላይ አመሰግናለሁ እንድትል ማይክሮፎን ሰጥተዋት ኖሯል። እሷ ግን «አምስት ነበርን። የሺም ነበረች» ብላ ተናገረች። እርስዎ ራሷን ዳበስ አድርገው ማይክሮፎኑን ተቀበሏት፣ ሰዉም አጨበጨበ። ከቪዲዮው ላይ ይህ ተቆርጧል። ልጅቱ ስልኩ ውስጥ እየተንሰቀሰቀች «የሺ፣ የተናገርሁት ስሕተት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዳልሆነ ነገርኋት። ይህን ማለት የሚገባው ሌላ ሰው ስለነበረ ግን አፈርሁ።

ከዚያ በኋላ ማዳም ራሷ ሪም ድረስ መጣች። በስድስት ዓመት እኔ ያለሁበት ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። የክፍላችን በር ላይ ቆማ «ዘሂራ ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም» አለችና አንድ ፖስታ ዘረጋችልኝ፤ የእናንተው ወርክሾፕ ከመኪናው ውስጥ አንብቦ ለባባ የሰጠው የግጭት ሪፖርት ነበር። ስድስተኛው ገጽ ላይ ሰው ያለባቸው ወንበሮች አምስት፣ የታሰሩ ቀበቶዎች አምስት ይላል፤ መኪናው ያን ብረት እንደ ቀበቶ ቆጥሮታል። ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም፤ ሻይ አፈላሁላት። በማግሥቱ ከባባ ጋር ፖሊስ ዘንድ ሄደው ቃላቸውን አረሙ፤ ቅጣቱንም ተቀበሉ። ይህን ማድረግ ለባባ ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ አልፈረድሁበትም ለማለት ግን ገና አልደረስሁም።

እርስዎ ያስታወሱኝ ያን ጊዜ ነው፣ ክቡር ሆይ፤ ስለ ማስታወስዎ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ቀበቶዋ ታስሮ ነበር ከተባለና ሴትዮዋ ከተሰበረች ጥፋቱ የቀበቶው ነው ማለት ነዋ። ስልክ ደውለው ጤናዬን ጠየቁኝ፣ ታክሲ ላኩልኝ፣ ቢሮዎ ስደርስም አንዲት ገጽ ወረቀት አቀረቡልኝ። «ቀበቶዬን አላሰርሁም ነበር» ትላለች።

«እህቴ፣ እውነት አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«እውነት ነው» አልሁና በብዕሬ ከሥሩ ጨመርሁበት፦ «ያላሰርሁትም ወኪሉ በሰጠው ብረት መቆለፊያው ስለተያዘ ነው።»

ወረቀቱን ወደራስዎ ሳቡት። «ይኼ ሁለተኛው አያስፈልግም» አሉ።

«እንግዲያው ሁለቱም ይቅር» ብዬ ተነሣሁ። ወረቀቱ ከእርስዎ ዘንድ ቀረ፤ ያንኑ ቃል ግን በዚያው ዕለት ለፖሊስ ሰጠሁ። ብረቱን ማዳም ራሷ ከነከረጢቱ አስረክባለች።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ አለቀ ማለት ይቻላል። ኢንሹራንሱ አደጋውን አውቆታል፤ ቀዶ ሕክምናው በመጪው ወር ነው። ሐኪሙ እጅሽ ጸጉርሽን እስክትሠሪ ድረስ ሊነሣ ይችላል፣ ላይነሣም ይችላል ብሎኛል። በእኔ ቦታ ሩት የምትባል ልጅ ተቀጥራለች፤ ዘሂራ የሩትን ቀበቶ ጎትታ ሳትፈትሽ መኪናው ከግቢ እንደማይወጣ በስልክ ነግራኛለች። ሔርሜላ በምትሠራበት ሕንፃ ላይ ያለው ማስታወቂያም ተቀይሯል፤ አሁን መኪናው በአሸዋ ላይ ብቻውን ሲሄድ ይታያል፣ ውስጡ ማንም የለም። ማንም በሌለበት ማንም አይጎዳምና ጥንቃቄዎን አድንቄአለሁ።

አሮጌው ግን በኩባንያችሁ ገጽ ላይ አሁንም አራት እያለ ይታያል። ካሣ ከእርስዎ አልጠየቅሁም፤ ይቅርታም አልጠየቅሁም፤ ሁለቱንም ለመቀበል የሚሆን ጉልበት ለጊዜው የለኝም። የምለምነው አንዲት ቁጥር እንዲያርሙልኝ፣ «አንድም ጭረት የለም» የሚለውንም እንዲያወጡልኝ ብቻ ነው። ቁጥሩን አርመው ጭረቱን ቢተዉት እንደገና መጻፍ ይኖርብኛል፤ እኔ ደግሞ መጻፍ አይሰለቸኝም፣ መድከም ነው የሰለቸኝ።

መንገድዎ ከግመል የጸዳ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ደንበኞችዎም ሁልጊዜ የረኩና ዝም ያሉ እንዲሆኑልዎ እየተመኘሁ፣ እጄ በሚነሣበት ልክ እጅ የምነሣዎ፣

የሺሐረግ
የቀድሞ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ፣ የቀድሞ ሞግዚት

ግልባጭ፦ ከኋላ ለሚቀመጡ ሁሉ

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ፊርማ ያለበት ቅጂ ትናንት ለቢሮዎ በአካል አስረክቤአለሁ። መዝገብ ላይ የነበረችው ልጅ ኮምፒውተሩ የሚቀበለው የመኪና ባለቤት፣ መኪና ገዢ ወይም ዕቃ አቅራቢ የሚል ብቻ መሆኑን ነግራኝ፣ ብዙ ካሰበች በኋላ ዕቃ አቅራቢ ብላ መዘገበችኝ። ስለዚህ ደብዳቤዬን ሲፈልጉ ከጎማ ነጋዴዎቹ ፋይል ውስጥ ያገኙታል፤ ተራ ቁጥር ተሰጥቶኛል።