የቡና ገለባ የበላው ሰንጋ

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ሸምሲያ፣
ወራቤ።

አሰላሙ ዐለይኪ እትዬ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ ብርዱ ሲመጣ አሁንም ያስቸግርሻል? ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ፣ እንሰቱስ? እኔ፣ ባለቤቴ ፈርዶስና ልጆቻችን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቦንጋ ዝናቡ ገብቷል፣ ሱቁም ይሠራል፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም።

ባለፈው በስልክ ስንጨቃጨቅ ኔትወርኩ ተቆረጠብንና ንግግሬ አፌ ላይ ቀረ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሰንጋውን ለሚያመጣው የአይሱዙ ሾፌር ሰጠሁት። አጎታችን ሐጂ ነጂብ ባሉበት ጮክ ብለሽ አንብቢው። አባታችን ወደ አኼራ ከሄደ ይህ የመጀመሪያው አረፋ ነው፤ በስሙ የሚታረደውን አቀርባለሁ ብዬ በቀብሩ ዕለት ቃል የገባሁትም እኔ ነኝ። አሁን ግን አጎታችን የቡና ገለባ የበላ በሬ ሥጋው ይመራል፣ የበላውንም ሰው እንቅልፍ ይነሳል፣ የከፋ አገር በሬ እዚያው ይቅር ብለዋል አሉ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ዘንድሮ የከብት መኖው፣ የፉሩሽካና የፋጉሎ ዋጋ እሳት ሆኗል። ከቡና መፈልፈያው ጀርባ ደግሞ ገለባው ተከምሮ ይበሰብሳል። እኔ ብልጡ በማዳበሪያ አስጭኜ አመጣሁና ገንዳውን ሞላሁለት። ሰንጋው አሽትቶ ፊቱን አዞረ፤ ርቦት ሲበላም ሆዱ ደረቀ። ፈርዶስ የሳቀችብኝን ሳቅ ምነው በሰማሽ!

ጎረቤታችን ጋሽ ወልደ ማርያም የእንስሳት ባለሙያ ናቸው። መጥተው አዩና ጥፋቱ የገለባው ሳይሆን የእጄ መሆኑን ነገሩኝ። ያ አፍ የሚይዘው ጎምዛዛ ነገር ታኒን ይባላል፤ ሲበዛ ከብቱ የበላው ምግብ ሰውነቱ ላይ እንዳይውል ያደርጋል፣ በልኩ ሲሆን ግን አይጎዳም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በደንብ እያደረቅሁ፣ ጥቂት ጥቂቱን ከሣርና ከበቆሎ ዱቄት ጋር ደባልቄ እሰጠው ጀመር። ፈርዶስም የሱቁን የማር ጀሪካን ያጠበችበትን ውኃ ረጨችበት፤ ገንዳውን ልሶ ጨረሰው! ዛሬ ቆዳው ዝንብ ያንሸራትታል።

ሥጋውንም ቢሆን ሳልሞክር አልቀረሁም። ያንኑ ቀለብ የበላ በግ አርጄ ከመስጊድ ሰዎች ጠራሁ። መረረኝ ያለ የለም። እንቅልፉንማ ተይው፤ አማቼ ሶፋዬ ላይ አንኮራፍተው ለመግሪብ ሶላት የቀሰቀስናቸው በግድ ነው።

እትዬ፣ ቀልዱን ልተወውና ያመመኝን ልንገርሽ። አጎታችን «የከፋ አገር በሬ» ሲሉ እኔን ያሉኝ ነው የመሰለኝ። ከጉርምስናዬ ጀምሮ የበላሁት የዚህን አገር እህል፣ የጠጣሁት የዚህን አገር ውኃ ነው፤ ልጆቼም አፍ የፈቱት እዚህ ነው። በዚህ ምክንያት ከአባቴ ልጅነት የጎደለብኝ ነገር የለም። ሰንጋውን ከደጅ የመለሰ እኔንም መልሷል። ሰንጋው ግን አይመለስም። አጎታችን ከብት ያውቃሉ፤ አንዴ ጀርባውን በእጃቸው ይዳስሱት እንጂ ሌላው ቀላል ነው።

አጎታችንን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በዪልኝ። ባለቤትሽን፣ ልጆችሽን፣ ምራትሽንም እያንዳንዳቸውን ሰላም በዪልኝ። ፈርዶስ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች፤ የማር ጀሪካኗም አብሮ መጥቷል፣ እጣቢውን ለሰንጋው መኖ ርጩት እንጂ እንዳትደፉት።

እኔ ለአረፋ ዋዜማ እደርሳለሁ። እስከዚያው ሰንጋውን አባታችን በሬውን ያስርበት በነበረው ግንድ እሰሩልኝ። ከእንግዳ ከብት ጋር አታስተኙት፤ የቤት ልጅ ነው።

ወንድምሽ ኑሪ
ቦንጋ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.