አሥራ ሦስተኛው እጅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን
ከሱቁ

የኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ቅዳሜ ደረሰን። እናትሽ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። በሁለተኛው ከንፈሯን አብራኝ ታንቀሳቅስ ነበር፤ ለካ በአንዴ በቃሏ ይዛዋለች። ልጅሽ ሁለት ጥርስ ማብቀሉን ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳ ዳቦ ሻጩ እንኳን ‹‹ሦስተኛውስ?›› እያለ ይጠይቀኛል። እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ጠዋት ጠዋት ይይዛታል፤ እሷ ግን ጉልበቴ ምንም አልሆነም፣ ደረጃው ነው የረዘመው ትላለች። እኔም መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሦስት ሙከራ ይፈጅብኛል። እርጅና ነው፣ ሌላ ነገር የለም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። መጠለያችሁ ያለበት ከተማ ምክር ቤት በሚመጣው ወር እናንተን ይቀበል አይቀበል ሊወስን መሆኑን፣ ከመጠለያው እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ እንዲጽፍ መታዘዙን ነግረሽኛል። ‹‹አንተ ምክር ቤት ትቀመጥ የለ? ምን ቢጻፍላቸው ነው እነዚህ ሰዎች እሺ የሚሉት?›› ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሦስት ቀን አሰብኩበት። በደንብ የማውቀው አንድ ስብሰባ ስለሆነ እሱኑ ልንገርሽ።

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለውን የድሮ የእህል መጋዘን አትረሽውም። ከጎረቤት አገር የሸሹ አሥራ አራት ቤተሰቦች ካቻምና እዚያ ገቡ፤ ለጊዜው ተብለው። ለጊዜው የሚባለውን ነገር እኔም በሙያዬ አውቀዋለሁ። ጨርቁ እንዳይንሸራተት ሰፋ ሰፋ አድርጌ የምጥለው ክር ነው፤ ሳልፈታው ረስቼ ሰው ለብሶት የሄደበት ቀን አለ።

ከነሱ መካከል አንዱ በአገሩም ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ እጄን ሲያይ ዋለ፤ በማግስቱ ወንበር ሰጠሁት። የቁልፍ ቀዳዳ በእጁ ሲሠራ ክሩ የት እንደጀመረ የት እንዳለቀ አይታይም። ስሙን አጥርቼ መጥራት ስላቃተኝ ‹‹ቁልፌ›› አልኩት፤ እሱም ወደደው። ቋንቋችንን የተማረው ከኔ ነው። ቃል ባበላሸ ቁጥር አርመዋለሁ፤ አርሜው ሲደግመው ደግሞ ሌላ ቃል ያበላሻል። እንደዚያ እየተሳሳቅን እንውል ነበር።

እንግዲህ መጋዘኑ ላለበት መሬት ሁለት ጥያቄ መጣ። አንደኛው፣ ለቤተሰቦቹ በቋሚነት ይሰጥ፣ የእርዳታ ድርጅት ቤት ይሠራላቸዋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ነዳጅ ነጋዴ ሊገዛው ይፈልጋል፣ በሽያጩ ስምንት መማሪያ ክፍል ይሠራ የሚል። ልጆቹ በሦስት ፈረቃ ነው የሚማሩት። አንደኛ ክፍል ያስተማረችሽ መምህርት አሁን ርእሰ መምህር ሆናለች፤ ስብሰባው ላይ ተጠርታ ተናገረች።

‹‹የሦስተኛ ክፍል ልጆች ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው የሚጽፉት። ጽሑፋቸው ሁሉ ወደ ታች ይንሸራተታል። እኔ ስደተኛ አልጠላሁም፤ ሌላ መሬት ካለ ለነሱ ይሰጥ። አለ እንዴ?››

ሰብሳቢው ወደ ቀጣዩ ተናጋሪ አለፈ። የለማ።

‹‹አጀንዳ›› እያልን የምንስቅበት አባል ተነሳ። ያ ሁሉን ነገር ‹‹አጀንዳ ይያዝልኝ›› የሚለው ሰውዬ። ‹‹ነገ እኛም ልጆቻችንን ይዘን የሰው በር ላይ የማንቆምበት ምን ዋስትና አለን?›› ብሎ ተቀመጠ። ስንቱን ዓመት ሲዘባርቅ ኖሮ ያን ቀን እንደ ሰው ተናገረ።

አሥራ ሦስት ነን። ሰብሳቢው ‹‹ይሸጥ የምትሉ›› አለና የራሱን እጅ አስቀድሞ አነሳ። እጅ ሲነሳ ልብስ ሰፊ የሚያየው ብብት ነው። የሰብሳቢውን ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ብብቱ ሥር ተተርትሯል። እንዲያመጣው ልነግረው አሰብኩ። ስድስት እጅ ተቆጠረ። ‹‹ለስደተኞቹ ይሰጥ የምትሉ›› አለ። ስድስት።

ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ አየኝ። ሰብሳቢውም አየኝ።

‹‹ምነው ልብስ ሰፊው፣ ተኛህ እንዴ?››

‹‹አልተኛሁም።››

ሰዎች ሳቁ። ‹‹ይጻፍ፣ አንድ ድምፀ ተዐቅቦ›› አለ። ድምፅ እኩል ሲሆን ሰብሳቢው ያለበት ወገን ያሸንፋል፤ ደንቡ ነው። መሬቱ ተሸጠ። አሥራ ሦስተኛው ሰው እኔ ነኝ።

መሬትና ትምህርት አብረው ሲጠሩ የማስበው አንቺን ነው። ከአባቴ የወረስኩትን መሬት ሸጬ ነው ያስተማርኩሽ፤ አንድ ቀን እንኳን ቆጭቶኝ አያውቅም። ስደተኛ ሲባልም የማስበው አንቺን ነው። ለሥራ በሄድሽበት አገር ጦርነት ተነስቶ፣ ባልሽን ወደዚህ አናስገባም ሲሉሽ ‹‹ጥዬው አልመጣም›› ብለሽ መጠለያ ከገባሽ ይኸው ሁለት ዓመትሽ። ለአንዱ ወገን እጄን ባነሳ ሌላኛውም ወገን አንቺ ነሽ። ምክንያቴ ይህ ነው እንዳልልሽ ግን ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው። ያን ሰዓት ከኮቱ በቀር ምንም አላሰብኩም። ጥርስ ሊነቀል ድድ ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ነው፤ ሲነኩት ታውቂያለሽ፣ አይሰማሽም። እስካሁን አልለቀቀኝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል ልጄ።

ዩኒፎርም ስለሚሰፋ ነው ለትምህርት ቤቱ ያዳላው የሚሉም አሉ አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። እነሱ ቢያንስ ለአንድ ነገር የቆምኩ መስሏቸዋል።

እቤት ስገባ እናትሽ በር ላይ ጠበቀችኝ።

‹‹አነሳህላቸው?››

‹‹ተሸጠ›› አልኳት።

‹‹አንተን ነው የጠየቅኩህ።››

‹‹ስድስት ለስድስት ነበር።››

‹‹አሥራ ሦስት አይደላችሁ እንዴ?›› አለች። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ፈታሁ። እሷም አልደገመችውም። ራት አቀረበች። ከዚያ ወዲህ የምታናግረኝ ስለ ውሃና ስለ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ ጠጋ ያለችኝ ደብዳቤሽ ሲመጣ ነው። ምን እንጻፍላቸው ያልሽው ቦታ ላይ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ‹‹እስቲ ንገራት›› አለችኝ።

ትናንት መጋዘኑ በር ላይ ሦስት አውቶቡስ ቆመ። ድንበሩ አጠገብ ወዳለው መጠለያ ሊመልሷቸው ነው። ቁልፌ ጠዋት እንደ ወትሮው ሱቅ መጣ። ጀምሮት የነበረውን የዩኒፎርም ሸሚዝ ጨረሰ፤ አትጨርስ ብለውም እሺ አላለኝም። ከዚያ ተነስቶ ሁለት እጄን ያዘ።

‹‹ስብሰባ ቀን እኔ ኋላ ቆሜ ነበር›› አለኝ። ‹‹እኔ ቆጠርኩ። ስድስት ሰው እኛን አልፈለገም። እርስዎ እዚያ ውስጥ የለም። ለልጆቼ ነገርኩ። እሳቸው እጅ አላነሱብንም አልኩ። እግዜር ይስጥልኝ።››

አላነሱብንም አለኝ። አንድ ፊደል ናት ልዩነቷ። ትክክሉ ‹‹አላነሱልንም›› ነው ልለው አፌ ድረስ መጣ። ስንት ቃል አርሜዋለሁ። ይቺን አላረምኳትም። ‹‹በሰላም ግባ›› አልኩት። የት ነው የሚገባው? እሱ ግን አሜን ብሎ ሄደ። እኔ ወንበሬ ላይ ተመልሼ የአንድ ሰው ሱሪ አሳጠርኩ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም።

እንግዲህ ምን ትጽፊያለሽ? ለሚፈልጓችሁ አትድከሚ፤ እነሱ ሳትጽፊም ያነሳሉ። የማይፈልጓችሁም በአንድ ገጽ አይመለሱም። ግን እዚያም ምክር ቤት ውስጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ማንንም አይጠላም፤ ሰፈሩ ሁሉ ደግ ነው ይለዋል፤ ቀኑ ሲደርስ የሰው ብብት እያየ ይቀመጣል። ለሱ ጻፊለት። የምስክር ወረቀትሽን አትዘርዝሪለት። ልታሳዝኚውም አትሞክሪ፤ ማዘን ያውቅበታል፣ አዝኖ ዝም ይላል። እጅህን አንሳልን በይው። ፊደሏን አጉልተሽ ጻፊያት።

ስሙን ስለማታውቂው ምን ብዬ ልጥራው ትዪ ይሆናል። ‹‹አባባ›› ብለሽ ጀምሪ።

ልጅሽን የቆመበትን መሬት የኔ ብሎ ለመጥራት ያብቃው። ባልሽን ከጎንሽ አያጉድልብሽ። አንቺን የሚከፈት ደጅ ይስጥሽ፤ እኔ ያላነሳሁትን ሌላ ሰው ያንሳልሽ።

አባትሽ