ሁለት ጊዜ ድምፅ የሰጡበት ሕግ፦ የአቶ ኤምሪ ስታምፐር የሕይወት ታሪክ

አቶ ኤምሪ ስታምፐር ከአባታቸው ከአቶ ሮስኮ ስታምፐርና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይዳ ፉጌት፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1931 በምሥራቅ ኬንታኪ ሎረል ፎርክ በተባለች የከሰል ማዕድን መንደር ተወለዱ። አባታቸው ሃያ ስድስት ዓመት ከመሬት በታች ሠርተው፣ ሳንባቸው በከሰል ብናኝ ተበልቶ ሲያርፉ፣ አቶ ኤምሪ ገና አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። እናታቸው ማዕድን እንዳይገቡ ስላስማሏቸው መምህራን ኮሌጅ ገቡ፤ በ1953ም ተመርቀው በመንደራቸው ሒሳብ ማስተማር ጀመሩ። በ1956 ወይዘሮ ሎይስን አግብተው፣ ይህን የምትጽፈውን ቬርናን ጨምሮ ሦስት ልጆች ወለዱ።

በ1974 የተማሪዎቻቸው ወላጆች ለምነዋቸው ተወዳደሩና በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የወረዳው እንደራሴ ሆነው ዋሽንግተን ሄዱ። በየሁለት ሳምንቱ እየተመለሱ፣ ጡረታው የዘገየበትን፣ ልጁ ከጦር ሠራዊት ደብዳቤ ያልጻፈለትን፣ የመረጣቸውንም ያልመረጣቸውንም ያነጋግሩ ነበር።

በ1978 የማዕድን ብናኝን የሚገድብ ረቂቅ ሕግ ቀረበ። የማዕድኑ ባለቤቶች ሕጉ ከወጣ ጉድጓዶቹን እንዘጋለን አሉ። አቶ ኤምሪ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሕዝቡን ሲሰበስቡ የቀድሞ ተማሪያቸው ዴንቨር ኮምስ ከማዕድን ጓደኞቹ መካከል ተነሣ።

«መምህር፣ ሳንባው የኔ ነው። እኛ የላክንዎት የምንለውን እንዲሉልን ነው፤ ሥራችንን አያስዘጉብን» አላቸው። አዳራሹ አጨበጨበ።

የግዛታችን ሴናተር ሆበርት ግሪር ሕጉን እንዲደግፉ ለመኗቸው። አቶ ኤምሪ ግን፣ ሴናተሩ መላውን ግዛት ለስድስት ዓመት እንደሚወክሉ፣ እሳቸው ግን በየሁለት ዓመቱ እነዚያው ጎረቤቶቻቸው ፊት እንደሚቆሙ መለሱላቸው። ሕሊናቸው እየከበዳቸው ሕጉን ተቃወሙ። ሕጉ በአራት ድምፅ ልዩነት ወደቀ፤ እሳቸውም በዚያው ዓመት በሰፊ ብልጫ ተመረጡ።

በጥር 1982 ዴንቨርን ሊጠይቁ ቤቱ ሄዱ። በሠላሳ ስምንት ዓመቱ አየር የሚስበው በቱቦ ነበር። ይቅርታ ሊጠይቁት ሲጀምሩ፣ ያደረጉት የጠየቃቸውን እንደሆነ ነገራቸው። ትንፋሹን ሰብስቦም፣ «ግን መምህር፣ እርስዎ የአባትዎን ሳል እየሰሙ ነው ያደጉት። ለምን አልተቆጡንም?» አላቸው። በዚያው ዓመት አረፈ።

ሕጉ በ1983 እንደገና ሲቀርብ አቶ ኤምሪ እዚያው አዳራሽ ቆመው እንደሚደግፉት አስቀድመው ተናገሩ። ግማሹ ሰው ጥሏቸው ወጣ። ሕጉ ጸደቀ፤ ሁለት ጉድጓዶች ተዘጉ፤ እሳቸውም በ1984 ተሸነፉ። ተመልሰው እስከ 1997 አስተማሩ። አንዳንዶች ሰላምታ ሲነፍጓቸው፣ እሳቸው ግን ሥራ ያጣ ሰው ቢቀየም አይፈረድበትም ይሉ ነበር።

በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 9 ቀን 2014 በተወለዱ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ከማረፋቸው በፊት ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲነግሩኝ፣ «ሁለተኛውን ድምፄን ብቻ ጽፈሽ እንዳታልፊ» አሉኝ።

የሰውን ፍርድ በሕይወት ሳሉ ተቀብለዋል፤ አሁን እግዚአብሔር በምሕረቱ ይቀበላቸው፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።