ጧት ጧት የሚቀየር ዘይት

ይድረስ ለልጄ፤ የገባሽበት ቤት ሁሉ ሰላም ይሁንልሽ፣ የያዝሽው ይቅናሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጣሪያው ተጠገነ፣ ድመቷም ወለደች።

የላክሽውን ትንሽ ቧንቧ ጎረቤታችን መካኒኩ በመኪናችን ዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ቦታ ገጠመልን። ያ ቡሎን መፍቻና ጉልበት ስለሚፈልግ አባትሽ መካኒኩን ሳይጠራ አይነካውም ነበር። ይሄ ግን በአንድ ጣት ይከፈታል። አንቺማ ለወገቡ አስበሽ ነው።

ጣጣው የመጣው በስልክ «በቅርቡ እመጣለሁ» ካልሽው ወዲህ ነው። መርሳቱ እንደባሰበት ታውቂያለሽ፤ ይቺን ግን አልረሳም። ጧት ጧት መኪናዋ ሥር ገብቶ ንጹሑን ዘይት ሳፋ ላይ ያፈሰዋል። «ልጄን በቆሸሸ ዘይት ሄጄ አልቀበላትም» ይላል። «ትናንት ቀይረህ የለም እንዴ?» ስለው፣ «የምትረሺውስ አንቺ ነሽ» ብሎ ይስቅብኛል። ትናንት ደግሞ አዲሱን ሳይሞላ ሊያስነሳት ሲል ቁልፉን ነጠቅኩት። «እባክሽ ስጪኝ፣ ልጄ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው» እያለ እንደ ሕፃን ለመነኝ። ቁልፉን መቀነቴ ላይ ቋጠርኩት።

መካኒኩ ነገ የድሮውን ቡሎን ይመልስልኛል፤ እሱስ ቀላል ነው። አንቺን ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትደውዪ ስለ ሥራሽ አውሪው፣ ስለ ብርዱም አውሪው፤ «እመጣለሁ» ብቻ አትበዪው።

ክፉ አይንካሽ፣ እንቅፋትም አይምታሽ የኔ ልጅ። የምትመጪበትን ቀን ለእኔ ብቻ ሹክ በዪኝ፤ ከዚያ በታክሲ ነይ።

እናትሽ