የወ/ሮ ሸዋአለም ኤርጎ ሕይወትና በጊዜው ያልተነሳው እግድ

ወ/ሮ ሸዋአለም ኤርጎ ከአባታቸው ከአቶ ኤርጎ ባይካ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኢትዮጵያ ጥላሁን በ1957 ዓ.ም. በቀይ አፈር ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ጂንካ ተምረው በጽሕፈት ሥራ ሠለጠኑ። በ1984 ዓ.ም. በጂንካ ፍርድ ቤት ታይፒስትነት ተቀጠሩ። ጣታቸው ፈጣን፣ ዓይናቸው ጠርጣራ ነበር፤ ቀን የተዘለለበት ውሳኔ ከቀረበላቸው ሳይጠይቁ አይመቱትም ነበር።

በ1986 ዓ.ም. ለማስተማር ወደ ጂንካ ከተመደቡት ከመምህር እውነቱ አድማሱ ጋር ተጋብተው ጸጋአብንና ምህረትን አፈሩ።

በ1995 ዓ.ም. የመንግሥት ሥራቸውን ለቀው ከፍርድ ቤቱ በር ማዶ ቆርቆሮ ጥላ ሥር የባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊ ሆኑ። ከካንጋተንና ከኦሞራቴ ሳይቀር ሰው ይመጣባቸው ነበር፤ አማርኛ ለማይቀናው በአሪኛ ጠይቀው ይጽፉለታል። በተለይ የሚታወቁት በእግድ ነው፤ ክርክር ያለበት ቤት ፍርድ ሳያገኝ እንዳይሸጥና ስሙ እንዳይዛወር ማስከልከል። የእግዱን ደብዳቤ ለባለጉዳይ ሰጥተው አይልኩም። ራሳቸው ማዘጋጃ ቤት ወስደው ከቤቱ ማኅደር ጋር ሲያያዝ ቆመው ያያሉ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የምትለዋን ተረት ቤተሰቡ እስኪሰለች ሰምቷታል።

ከዚህ በታች ያለውን መተው በወደድን። እርሳቸው ግን ታመው ሳሉ «አሳምራችሁ እንዳትቀብሩኝ፤ የዙህራን ነገር ጻፉ» ብለው አዘውናል።

በ2004 ዓ.ም. ባላቸው የሞቱባቸው ባለሱቅ ወ/ሮ ዙህራ የባላቸው ወንድም ፎርጅድ ውል ይዞ ቤቱን ሊሸጥባቸው ሲል ወደ ወ/ሮ ሸዋአለም መጡ። እግድ ተጣለ፤ ክርክሩም በ2006 ዓ.ም. ለወ/ሮ ዙህራ ተፈረደ። እግዱን ማስነሳት የአንድ ሳምንት ጉዳይ ነበር። ወ/ሮ ሸዋአለም ግን «ተይው፣ ይቀመጥ። ነገ ደግሞ ሌላ ፎርጅድ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም፤ ቤትሽን ይጠብቅልሻል» ብለው መከሩ። ወ/ሮ ዙህራም አመኗቸው።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት የወ/ሮ ዙህራ ብቸኛ ልጅ ዊዳድ ኩላሊቷ ታመመ። አዲስ አበባ ለማሳከም ቤቱ መሸጥ ነበረበት፤ ገዢም ተገኘ። ስም ሊዛወር ማኅደሩ ሲከፈት እግዱ አለ። ወ/ሮ ሸዋአለም ሮጠው ፍርድ ቤት ደረሱ፤ ነሐሴ ገብቶ ለክረምት ተዘግቷል። ተረኛው ችሎት ያለቀ መዝገብ አይመለከትም ተባሉ። ያላንኳኩት የዳኛ በር አልነበረም። ገዢው ሌላ ቤት ገዛ። ዊዳድ መስከረም 19 ቀን 2012 ዓ.ም. በሃያ ሁለት ዓመቷ አረፈች። የእግድ ማንሻው ደብዳቤ የወጣው ጥቅምት 6 ነው።

ደብዳቤውን ይዘው ወደ ወ/ሮ ዙህራ ሄዱ። ወ/ሮ ዙህራ አንብበው አጣጠፉትና «ቤቴማ ተጠበቀልኝ፣ ሸዋዬ። ማን ይኑርበት?» አሏቸው።

ከዚያ ወዲያ እናታችን ሳቃቸው ጠፋ። የድሮ ደብተሮቻቸውን አውጥተው፣ ጉዳዩ አልቆ እግዱ ሳይነሳ የቀረበትን ቤት ሁሉ በጭነት መኪና ጭምር እየተሳፈሩ ባለቤቱን ፈልገው እግዱን ያስነሱለት ነበር። ሠላሳ ሰባት ቤት ከእግድ አስለቀቁ፤ የሚያመሰግናቸውን ሰው ይቆጡት ነበር። በየዓረፋው ወ/ሮ ዙህራ ቤት ይሄዳሉ፤ ወ/ሮ ዙህራም በር ዘግተውባቸው አያውቁም። አንድ ጊዜ ይቅርታ ቢለምኗቸው «ክፉ እንዳላሰብሽ አውቃለሁ። ቃሉ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ ልዋሽሽ?» አሏቸው። ወ/ሮ ሸዋአለም ዳግመኛ አልለመኑም።

በ2016 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ተይዘው በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው መምህር እውነቱ፣ ልጆቻቸው ጸጋአብና ምህረት፣ ሦስት የልጅ ልጆችም አሏቸው።

ወ/ሮ ዙህራ ትናንት በእናታችን አልጋ አጠገብ ሲያለቅሱ አድረው ዛሬም ከቀባሪው መካከል ቆመዋል። ያንን ቃል እንዲሉልን አንጠይቃቸውም፤ እንዳንጠይቅ ታዘናል።

አምላክ የእናታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ ዊዳድንም ያሳርፍልን። ለወ/ሮ ዙህራ ጽናቱን ይስጥልን።