የኮሌታው ጠብ

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለፌንጣዬ፤ ሰላምታዬ አባትሽ በኦሊምፒክ የሮጠውን ያህል ፈጥኖ ይድረስሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን።

አጎትሽ አባትሽን በሯጮቹ ፊት አነቀው ብለው ከነገሩሽ፣ እውነት ነው። አባትሽ አሰልጣኝ ከሆነ ጀምሮ የሩጫ አነሳስን በአፍ አያስተምርም፤ ራሱ በርከክ ብሎ ይስፈነጠራል፣ ልጆቹም አቧራውን ይበላሉ። ማክሰኞም "እናንተ ኤሊዎች፣ እዩኝ!" ብሎ መነሻው ላይ ተንበረከከ። እዚያው ቀረ። "መሙን እያየሁ ነው! ምን ታፈጣላችሁ?" እያለ ይሳደባል እንጂ አልተነሳም።

ጠጋ ብዬ "ጋሼ፣ ሳንቲም ጠፋብህ?" አልኩት።

"ጥፋ ከዚህ፣ ሥራ ፈት! ብትነካኝ አፍንጫህን ነው የምልህ!" አለኝ። ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ ግንባሩ ግን በላብ ርሷል።

እጄን ብዘረጋለት ዕድሜ ልኩን አይምረኝም። ስለዚህ ኮሌታውን ጨምድጄ "ማንን ነው ሥራ ፈት የምትለው!" ብዬ ጮህኩበት። እሱም አንገቴን ያዘኝ። ሯጮቹ "ኧረ ገላግሉ!" እያሉ መጡና ግማሾቹ እኔን፣ ግማሾቹ እሱን በብብቱ ይዘው ጎትተው ሲያላቅቁን፣ ቆሞ ተገኘ። እንደቆመም በጥፊ አጮለኝ።

ትናንት ደግሞ የቤቱ ደረጃ ሥር ተጣላን፤ ስንላቀቅ ላይ ደርሰን ነበር። ዛሬ ግን ነገር የፈለገኝ እሱ ነው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ "የት አለ ያ ሰነፍ? ይምጣና ይሞክረኝ!" እያለ ይጣራል።

አንቺም ስትሄጂ ከአባትሽ ጋር ተኳርፋችሁ ነበር። ኩርፊያሽን እንዳትረሺው፣ ይዘሽው ቶሎ ነይ። ሰውየው ከባድ ነው፤ ጠቡን ብቻዬን አልችለውም።

እየጠራኝ ነው። በሰላም ያገናኘን።

ጉንጩ የቀላው አጎትሽ