ሞተርና አካል የሚጋቡበት ቦታ

ለተከበሩ ወንድሜ ለመገጣጠሚያ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፣ ለወይዘሮ ባለቤትዎ፣ ቀጥሎም ለመላው ሠራተኛ፤ ሰላምታዬ በየማዕረጋችሁ ይድረስልኝ።

ጋሼ፣ የዛሬው ትዕይንት ለዚህች ካርድ ይበዛባታል። ከልዑካኑ ጋር እዚህ ባሕር ማዶ የጎበኘናቸው ሁለት የመኪና ኩባንያዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ገበያ ይሻሙ ነበር፤ አሁን አንዱ ሞተሩን፣ ሌላው አካሉን ይሠራል። አካሉ ከጣሪያው በሰንሰለት ዝግ ብሎ ወርዶ ሞተሩ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ሠራተኞቹ «ሰርግ ቤት» ይሉታል። እኔ ቆሜ ሳይ አካሉ ለጥቂት አልገጥም አለ። የሁለቱም ወገን መሐንዲሶች እኩል ጎንበስ አሉ።

«ጥፋቱ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

አለቃቸው ሳቀ። «ክቡርነትዎ፣ እዚህ ሰርግ ላይ ጥፋት ፈላጊ አማት አልተጠራችም!»

ወዲያው ሞተሩን የሠሩት አካሉን፣ አካሉን የሠሩት ሞተሩን ማቃናት ያዙ። ድምፅ ሳያሰማ ገጠመ። እውነቴን ነው፣ አደነቅሁ። እኛ ዘንድ የአንድ ፋብሪካ ሁለት ክፍሎች እንኳ ጥፋት ሲወራወሩ ይውላሉ።

እርስዎ ስነሣ «ብሎን አጥባቂ ብቻ አድርገው እንዳያስቀሩን» ያሉኝ ትዝ አለኝና፣ በሦስተኛ አጋርነት የምንገባበትን ውል ከመፈረሜ በፊት መሐንዲሶቻችን መኪናው ሲነደፍ ጀምሮ ከእነሱ ጋር እኩል እንዲቀመጡ ጠየቅሁ። ጥቂት ተመካከሩና ተስማሙ፤ ፈረምሁ።

ካርዷ አለቀችብኝ። የሚላኩትን መሐንዲሶች ከወዲሁ ይምረጡልኝ። የጋራ ሥራችን የተቃና እንዲሆን እመኛለሁ። ስለ ሥጋትዎም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ አድንቄ ብቻ እፈርም ነበር።

አክባሪ ወንድምዎ